ግራው ከሎሬንስ፣ ቀኙ ከባርተል

አልተንባኽ፣ ማርች 4 ቀን 1951

ለክርስትና ልጄ ለዮስት፣ ሃምቡርግ

ብዕሩን የያዘችው ወይዘሮ ሄድዊግ ኖቫክ ናት። ከጦርነቱ በኋላ ከሲሌዥያ ተፈናቅለው ከመጡት አንዷ ናት፤ ማዘጋጃ ቤቱ የላይኛውን ክፍሌን ከሰጣት ሁለት ዓመት ሆነ። ይህን ከሁሉ በፊት የማስጽፈው፣ የጽሕፈቱን ማማር አይተህ «ፋይት በሰባ ስድስት ዓመቱ ትምህርት ቤት ገባ» ብለህ እንዳትስቅ ነው። አልገባሁም። ድሮ አባቴ ለመምህሩ በየዓመቱ አንድ የሰባ ዝይ ይሰጠው ነበር፤ መምህሩም መዝገቡ ላይ «ተገኝቷል» እያለ ይጽፍልኝ ነበር፤ እኔ ግን የቀሩትን ዝይዎች ስጠብቅ ነበር የምውለው። አላፍርበትም። እኔ የሰው እግር በእጄ ዳስሼ አነባለሁ። በዚህ ከተማ ይህን የሚያነብ ሌላ ሰው ካለ በሬ ክፍት ነው፣ ይምጣ።

ሰላምታህ ደርሶኛል። ደህና ነኝ። ጉልበቴ ደረጃ ሲያይ ይሳደባል እንጂ ሌላ ነገር የለብኝም። ሄድዊግም ሰላም ብላሃለች፤ አይታህ ባታውቅም ደብዳቤህን ስለምታነብልኝ አውቀዋለሁ ትላለች።

አሁን ወደ ነገሩ። ሦስት ገጽ ሙሉ ስለ ዝናብና ስለ ወደቡ መርከቦች ጻፍክ። ከዚያ መጨረሻው ጥግ ላይ «ስሮጥ እግሬን ትንሽ ያመኛል፣ ምክንያቱ ምን ይመስልዎታል?» አልክ። ሄድዊግ ፊርማህን አንብባ ወረቀቱን ልታጥፍ ስትል «ቆይ፣ ያቺን ድገሚልኝ» አልኳት። ሦስት ጊዜ ደገመችልኝ። አንተ ሰው፣ ለምን መርከቡን ትተህ ከእግርህ አልጀመርክም?

ትንሽ የሚባል ሕመም የለም። የት እንደሆነ ንገረኝ። ግራ ነው ቀኝ? ጣት ነው ተረከዝ? ደግሞ በማን ጫማ? ሁለቱ አጎቶችህ ከተጣሉ ወዲህ ሁለቱም እየሠሩ እንደሚልኩልህ ከተማው ሁሉ ያውቃል። ከወንዙ ማዶ የሎሬንስ ፋብሪካ የሠራው፣ ተረከዙ ቀይ የሆነው ቡናማው «አጋዘን» ነው? ወይስ ከወንዙ ወዲህ የባርተል ፋብሪካ የሠራው፣ ጎኑ ላይ ነጭ መስመር ያለበት ጥቁሩ «ጭልፊት»? ወረቀት መሬት ላይ ዘርጋ፣ ባዶ እግርህን አስቀምጥበት፣ ዙሪያውን በእርሳስ ዙር። የሚያምህ ቦታ ላይ መስቀል አድርግበት። ሁለቱንም እግር።

የከተማው ወሬ እንደተውከው ነው። ድልድዩ ራስ ላይ ስለምኖር ሁሉም በመስኮቴ ያልፋል፤ መሻገር ግን የሚሻገር የለም። ባለፈው ሳምንት አሮጌው ደወል ደዋይ ተቀበረ። ማርሽ ባንዱም እንደ ፋብሪካው ስለተከፈለ ከበሮዎቹ ወዲህ፣ ጥሩምባዎቹ ወዲያ ሆነው፣ አንዱ ሲያቆም ሌላው እየጀመረ ሸኙት። ሟቹ ይህን ቢሰማ ኖሮ እንደገና በሞተ።

መልስህን ቶሎ ላክ። ነገሩ ገብቶኝ ካላደረ እህል አይበላልኝም።

የክርስትና አባትህ ፋይት


አልተንባኽ፣ ማርች 29 ቀን 1951

ለዮስት

የእግርህ ሥዕል ደረሰ። ሄድዊግ መብራቱ ሥር ዘርግታልኝ እኔ ራሴ አየሁት፤ ለዚህ ማንበብ አያስፈልግም።

ሄድዊግ ያነበበችልኝን እንደገና ልበልልህ፤ ከተሳሳትኩ አርመኝ። በሎሬንስ ጫማ ግራ እግርህ ሰላም ነው፤ ቀኝህ ግን ትንሿ ጣት ላይ ይደማል። በባርተል ጫማ ቀኝህ ሰላም ነው፤ ግራህ ግን ጫማው ውስጥ ይዋኛል፣ ተረከዝህም ይላጣል። ይህን ሁለት ዓመት ሙሉ ችለህ ለሁለቱም «ጫማው ግሩም ነው፣ አመሰግናለሁ» እያልክ ጻፍክላቸው። ለምን እንደዋሸህ አትንገረኝ፤ አውቀዋለሁ። እናትህም ነፍሷን ይማርና ሁለቱ ወንድሞቿ ፊት አንድ ቀን እውነት ተናግራ አታውቅም። አንዱን ስታመሰግን ለሌላው ደግሞ እኩል አድርጋ ትመዝን ነበር።

ሦስት ቀን አሰብኩ። ቆዳው ነው እንዳልል፣ ሁለቱም ከአንድ ቆዳ ፋቂ ይገዛሉ፤ እሱን ብቻ መክፈል አልቻሉም። ስፌቱ ነው እንዳልል፣ የሁለቱንም ሰፊዎች ያስተማርኳቸው እኔ ነኝ። በአራተኛው ቀን ጢሜን ስላጭ መጣልኝ። ፎርማው!

ጫማ መልኩን የሚያወጣው ከፎርማው፣ ቆዳው ከሚወጠርበት የእንጨት እግር ነው። ያንተን ፎርማ ደግሞ የቀረጽኩት እኔ ነኝ፤ በ1947 ከምርኮ ተመልሰህ፣ ይኸው በር ላይ ተቀምጠህ ካልሲህን ስታወልቅ። የግራ እግርህን ትንሿን ጣት የሩሲያ ብርድ አስቀርቷት ነበር። ስለዚህ ግራውን ፎርማ ውጪ ጎኑ ላይ ጎረድኩት፤ ቀኙን ሙሉ አድርጌ ተውኩት። የማንም ሰው ሁለት እግር እኩል አይደለም፣ ያንተ ደግሞ ከማንም ይብሳል። እና በእኔ ፎርማ የተሠራ ጫማ ሊያምህ አይችልም። አይችልም!

ሄድዊግ የሁለቱንም ፋብሪካ ወለል ትጠርጋለች፤ ሰኞና ረቡዕ የሎሬንስን፣ ማክሰኞና ሐሙስ የባርተልን። ከሁለቱም ወገን ስላልሆነች ማንም አያያትም። «የዮስት ስም ያለበትን ፎርማ ፈልጊና በደንብ እዪልኝ» አልኳት። ሰኞ ማታ መጣች።

«አገኘሽው?»

«መደርደሪያው ላይ ተሰቅሏል፤ ጥንዱ።»

«ግራው ውጪ ጎኑ ላይ ገባ ያለ ነው?»

«አዎ፣ ገባ ያለ ነው። ቀኙም እንደዚያው።»

«ቀኙም?»

«አባባ ፋይት፣ ዓይን እኮ አለኝ። ሁለቱም ገባ ያሉ ናቸው። ግን ግራው በእጅ ብዛት የጠቆረ እንጨት ነው፣ ሥሩ ላይ የእርስዎ ምልክት አለበት። ቀኙ ነጭ ነው፣ አዲስ ነው፣ ምልክትም የለው።»

ማክሰኞ ደግሞ ከባርተል ስትመለስ ሳልጠይቃት ከበሩ ጀምራ «ተገላቢጦሹ ነው!» አለች። እዚያ ቀኙ የጠቆረ፣ የእኔ ምልክት ያለበት፤ ግራው ነጭ፣ አዲስ፣ እንደ ቀኙ ሙሉ።

ገባህ? እኔ የቀረጽኩት ግራ ሎሬንስ ቤት ነው። ቀኙ ባርተል ቤት ነው። ሎሬንስ የሌለውን ቀኝ ለማግኘት ግራውን በመቅረጫ መኪናው ላይ ገልብጦ አስወጣው፤ ስለዚህ ሩሲያ የተወችልህን ጣት ሎሬንስ ቤት ከለከላት። ባርተልም ቀኙን ገልብጦ ግራ አደረገው፤ ስለዚህ ለሌለች ጣት ቤት ሠራላት። ለተራው ገበያ ጫማ ይህ ችግር የለውም። እንዳንተ ላለ ሰው ግን እንዲህ ነው።

ሄድዊግ እየሳቀች ስለሆነ መስመሩ ቢጣመም ከእሷ ነው። እኔ አልሳቅሁም።

ፋይት


አልተንባኽ፣ ኤፕሪል 22 ቀን 1951

ለዮስት

አይ፣ አዲስ ልቀርጽልህ አልችልም። ጠየቅኸኝ፣ መለስኩ። ከክረምቱ ጀምሮ እጄ ይንቀጠቀጣል። አሮጌው ጥንድ ፊቴ ቢቀመጥ እየዳሰስኩ ቀስ ብዬ እገለብጠው ይሆናል፤ ከወረቀት ግን አይሆንልኝም። ይህን ለሌላ ሰው እንዳትናገር። ሄድዊግ ታውቃለች፤ ሾርባ ስጠጣ ታየኛለች።

ስለዚህ ባለፈው ሳምንት ባርኔጣዬን አድርጌ ወጣሁ። መጀመሪያ ወደ ሎሬንስ። ድልድዩን ስሻገር ዳቦ ጋጋሪው ሱቁን ትቶ ወጥቶ አየኝ። ሎሬንስ አንተ እንደምታውቀው ነው፤ ቀጭን፣ ቀስ ብሎ የሚናገር፣ ከመናገሩ በፊት መነጽሩን የሚጠርግ።

«አባባ ፋይት! ሊሠሩልን መጡ?»

«አልመጣሁም። የዮስትን ቀኝ ፎርማ ፍለጋ ነው።»

«አለን እኮ።»

«ያለህ ግራው ነው። ሌላው የግራው የመስታወት ግልባጭ ነው።»

መነጽሩን ጠረገ። «ታዲያ ቀኙ የት እንዳለ ያውቃሉ።»

«አውቃለሁ። ለወንድምህ ሰው ላክና ለሁለት ቀን አውሰኝ በለው።»

«የትኛው ወንድሜ?»

«ሎሬንስ፣ አንተን ከልጅነትህ፣ ከጭቃ ጫማህ ጀምሮ አውቅሃለሁ፤ እኔ ላይ አትቀልድ።»

«እሱ መጀመሪያ ግራውን ይጠይቀኝ። በጽሑፍ። ያኔ አስብበታለሁ። ደግሞ ዮስት መቼ አመመኝ አለ? ግሩም ነው ብሎ ጽፎልኛል፤ በማስታወቂያችን ላይ አሳትሜዋለሁ።»

ማስታወቂያውን አሳየኝ። ስምህ ትልቅ ተደርጎ ተጽፏል አለኝ። ዋሽተህ ስታበቃ እንዲህ ያሳትሙብሃል።

ወደ ባርተል ተመለስኩ። እሱ ደግሞ ገና ከበሩ አቅፎኝ ትከሻዬን ሊሰብረው ደረሰ። «ይሄ ሽማግሌ ገና አልሞተም!» ብሎ ለሠራተኞቹ ጮኸ። ቢራ አስመጣ። ፎርማውን ስነግረው ቢራው እጁ ላይ ቀረ።

«እሱ ጋር ሄደው ነበር፣ አይደል?»

«ነበር።»

«ምን አለ?»

«አንተ ቀድመህ ጠይቀኝ ይላል።»

«እኔ? ሎሬንስን? አባባ ፋይት፣ በጉልበቴ ሄጄ የወንዙን ውኃ ብጠጣ ይቀለኛል። ዮስት የሚወደው የኔን ነው፤ ደብዳቤውን ግድግዳ ላይ ሰቅዬዋለሁ፣ ይዩት።»

አየሁት። በመስታወት ውስጥ አድርጎታል።

ስለዚህ ባዶ እጄን ተመለስኩ። ግን አንድ ነገር እያብላላሁ ነው። እያንዳንዳቸው አንድ አንድ ደህና ጫማ አላቸው። ከሎሬንስ ግራው፣ ከባርተል ቀኙ። ሁለቱ በእኔ ፎርማ የተሠሩ ናቸው። ለማንም ሳትናገር አንድ ቀን አብረህ አድርገህ ሩጥባቸውና ምን እንደተሰማህ ጻፍልኝ። እንደ ሞኝ ትመስላለህ፤ ምን ቸገረህ፣ ማንም በማያይህ ቦታ ሩጥ።

ፎርማዎቹን ማን ለያያቸው ላልከው ሌላ ጊዜ። የሄድዊግ እጅ ደክሟል።

ሄድዊግ አልደከመኝም ትላለች። ደክሟል።

ፋይት


ሃምቡርግ፣ ሜይ 9 ቀን 1951

ለተከበሩ የክርስትና አባቴ ለፋይት

እንደምን ሰነበቱ? ለወይዘሮ ሄድዊግ ከፍ ያለ ሰላምታ ያቅርቡልኝ፤ ሾርባዎን በማንኪያ ሳይሆን በኩባያ እንድታቀርብልዎም ይፍቀዱላት።

በዚህ ጊዜ ከእግሬ ልጀምር። እሑድ ጠዋት ከወደቡ ጀርባ ባለው ሜዳ ላይ ሃያ አምስት ዙር ሮጥኩ፤ ግራው ቡናማ፣ ቀኙ ጥቁር። ስጨርስ ቁጭ ብዬ ካልሲዬን አወለቅሁና እግሮቼን ለረጅም ጊዜ አየኋቸው። ምንም የላቸውም። እንዲህ መሮጥ እንደሚቻል ረስቼው ነበር። አሠልጣኜ ሰዓቱን ሁለት ጊዜ አየና «ሰርከስ ተቀጥረህ ነው?» አለኝ፤ ከዚያ ሰዓቱን ለሦስተኛ ጊዜ አየው።

ውድድሩ ጁን 24 ቀን ሃኖቨር ላይ ነው። አስር ሺህ ሜትር። ከአንድ እስከ ሦስት የወጡት ለሚቀጥለው ዓመት የሄልሲንኪ ኦሎምፒክ ይመረጣሉ። ሃያ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፤ ከዚህ በኋላ የሚጠብቀኝ ሌላ ሄልሲንኪ የለም። ግን ሁለቱም አጎቶቼ ለማየት እንደሚመጡ ጽፈውልኛል። አንዱን ጫማ ባደርግ ሌላውን አጣዋለሁ፤ ከእናቴ ወገን ደግሞ ከሁለቱ በቀር የቀረኝ የለም። ሁለቱንም አንድ ላይ ባደርግ ሁለቱንም አጣ ይሆናል። ጫማዎቹን ጥቁር ቀለም ቀብቼ ቢመሳሰሉስ ብዬ አስቤያለሁ። እርስዎ ምን ይላሉ?

ሌላም አለ። የፋብሪካው ዕቃ የተከፈለ ቀን እርስዎ የት ነበሩ? ፎርማዎቹን ማን እንደለያያቸው ጠይቄዎት አልፈውታል። በመጨረሻው ደብዳቤዎ ጥግ ላይ በትንንሽ ፊደል «ደግመህ ጠይቀው» የሚል ተጽፎበታል። የእርስዎ ቃል አይመስለኝም።

አክባሪዎ ዮስት


አልተንባኽ፣ ሜይ 20 ቀን 1951

ለዮስት

ሄድዊግ ወረቀት ጥግ ላይ የምትጽፈውን አሁን አወቅሁ። ተቆጣኋት። «ማንበብ ቢችሉ ኖሮ አልጽፈውም ነበር» አለችኝ። እንደዚህ ያለች ሴት ናት። ተቀምጣ ትጽፋለች፣ እኔም እነግርሃለሁ።

እዚያው ነበርኩ።

ኤፕሪል 1948 ነው፤ አንተ ገና ሃምቡርግ መግባትህ ነበር። በትልቁ አዳራሽ ውስጥ ከኑረምበርግ የመጣ ሕግ አዋቂና ጸሐፊው ነበሩ። አርባ ሠራተኞች በግድግዳው ዙሪያ ቆመናል። አጎቶችህ ሁሉም ነገር እኩል ይከፈል ብለው ማሉ። መኪና ላንተ፣ መኪና ለኔ። ወንበር ላንተ፣ ወንበር ለኔ። መጥረጊያ እንኳ ተቆጥሯል። ለምን እንደተጣሉ ጠይቀኸኛል፤ ሦስት ዓይነት ሰምቻለሁ፣ ሦስቱንም አላምንም። ሚስቶቹን የሚያሙ አሉ፣ ጦርነቱን የሚያነሱ አሉ። እኔ ያየሁት ያንን ቀን ብቻ ነው።

ከዚያ የሯጮቹ ፎርማ ደረሰ። ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ጥንድ፣ እያንዳንዱ በገመድ ታስሮ። ጸሐፊው ጫማ ማድረግ እንጂ ጫማ መሥራት የማያውቅ ሰው ነው። የመጀመሪያውን ጥንድ አነሳና «እንጨት፣ ሁለት» ብሎ ጠራ። ገመዱን በመቀስ ቆረጠ። አንዱን ወደ ሎሬንስ ክምር፣ አንዱን ወደ ባርተል ክምር።

አርባ ጫማ ሠሪ ቆመን አየን። አጎቶችህ ከልጅነታቸው በፎርማ መሐል ያደጉ ናቸው፤ አላዩም አልልህም። ሎሬንስ ባርተልን አየው። ባርተል ሎሬንስን አየው። ከሁለቱ አንዱ «ተው፣ ጥንድ ነው» ቢል በቃ ነበር። ግን ቀድሞ የተናገረ የለመነ ይመስላል። ሎሬንስ መነጽሩን ጠረገ። ባርተል ጣሪያ ጣሪያውን አየ። ጸሐፊው ሁለተኛውን ቆረጠ።

እኔስ? መስኮቱ ሥር ቆሜያለሁ። የእኔ እጅ ሥራ ነው፣ የአርባ ዓመት ሥራ። ያን ቀን ጠዋት ሁለቱም ለየብቻ ጠርተው «ከማን ጋር ነዎት?» ብለውኝ ነበር፤ ለሁለቱም አልመለስኩም። አዳራሹ ውስጥ ደግሞ አሁን ዞር ብለው «አባባ ፋይት፣ እርስዎ ምን ይላሉ?» ይሉኛል ብዬ ጠበቅሁ። በሚቀጥለው ይጠይቁኛል፣ በሚቀጥለው። አኩርፌ ነበር ዮስት። ካልጠየቁኝ አልናገርም አልኩ። ማንም አልጠየቀኝም። መቀሱ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ጊዜ ሲቆርጥ ቆጠርኩ። ያንተ ሲደርስ በተጎረደው ጎኑ ከሩቅ አወቅሁት። አሁንስ እናገራለሁ ብዬ አፌን ከፈትኩ። ዘጋሁት። ባርኔጣዬን አድርጌ ወጣሁ፤ እስካለፈው ኤፕሪል ድረስ ከሁለቱም ደጅ አልደረስኩም።

ስለዚህ ጣትህን የከለከለው ሎሬንስ ብቻ አይደለም። ሁለት ዓመት ያደማህ የእኔ ዝምታ ነው። ይቅርታ መጠየቅ አላውቅበትም፤ ሄድዊግን እንዴት ይጻፋል ብላት እንደሚነገረው ነው የሚጻፈው አለችኝ። ይቅር በለኝ።

ቀለሙን በተመለከተ፣ አትቀባ። ቀለም ስስ ቆዳ ያደርቃል፣ በአሥራ አምስተኛው ዙር ይሰነጠቅብሃል። ይህ የሙያው መልስ ነው። ሌላው መልስ ደግሞ፣ ነገር መሸፈን ምን እንደሚያመጣ አሁን አንብበኸዋል። ቡናማውን ቡናማ፣ ጥቁሩን ጥቁር አድርገህ ግባ። አጎቶችህ ቢጠይቁህ ፋይት አዘዘኝ በል።

ፋይት


አልተንባኽ፣ ጁላይ 15 ቀን 1951

ለዮስት

«ሦስተኛ» የምትለዋ ቴሌግራም ደርሳ ለሄድዊግ አሥር ጊዜ አስነብቤያታለሁ፤ አንዲት ቃል ናት፣ አልደከማትም። ሄልሲንኪ ትሄዳለህ ማለት ነው። ለምን ሁለተኛ አልሆንክም የሚለውን በኋላ እንነጋገርበታለን።

ቀጥሎ የመጣውን ረጅሙንም ሰማሁት። አጎቶችህ ከመቀመጫዎቹ ሁለት ጫፍ ላይ እንደነበሩ፣ እግርህን ሲያዩ ሁለቱም በአንድ ጊዜ እንደተነሱ፣ ስትጨርስ ቀና ብትል ሁለቱም እንደሌሉ። ተቀይመው ነው ወይ ላልከኝ፣ እዚህ የሆነውን ልንገርህና አንተው ፍረድ።

በማግስቱ ጋዜጣው ፎቶህን አወጣ፤ የመጨረሻውን መስመር ስታልፍ፣ ሁለት እግርህ በአየር ላይ። ሎሬንስ ፎቶውን አስተልቆ ሱቁ መስኮት ላይ ሰቀለው፤ ግን ከመሐል ቆርጦ፣ ግራ እግርህን ብቻ። ባርተልም ሰቀለው። ቀኝህን ብቻ። ከወንዙ ማዶ ያሉት ግማሽ ሰው ሲሮጥ አዩ፣ ከወዲህ ያሉት ሌላውን ግማሽ። ከዚያ ምን ሆነ መሰለህ? ሰው ሌላኛው እግር ምን እንዳደረገ ማወቅ ፈለገ። መጀመሪያ ዳቦ ጋጋሪው፣ ዱቄቱን ሳያራግፍ፣ በመስኮቴ ሥር አለፈ።

«ወዴት ነው?» አልኩት።

«ዝም ብዬ ነው… እግሬን ላፍታታ።»

«የራስህን ነው የዮስትን?»

እስከ ጆሮው ቀላ፣ ግን ተሻገረ። ከዚያ ፀጉር አስተካካዩ ከወዲህ ወደዚያ። ከዚያ ሴቶቹ ዘንቢል ይዘው። በሦስት ዓመት ውስጥ ያላየሁትን ሕዝብ በአንድ ሳምንት አየሁ። ሄድዊግ መስኮቱ ላይ ትራስ አድርጋልኝ እዚያው በላሁ።

ሐሙስ ከሰዓት በሩ ተንኳኳ። ባርተል ነው፤ በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር በብብቱ ይዟል። አላቀፈኝም፣ አልጮኸም። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። የጠቆረው ቀኝ ፎርማህ ነው።

«ልጁ ግራ ጫማዬን ሳያደርግ ሮጠ» አለ።

«አየህ?»

«አየሁ። አላየሁም ልበል? እውነተኛውን ግራ ይቅረጹልኝ።»

«የምገለብጥበት ግራ የለኝም።»

«እርስዎ ያውቁታል፣ በእጅዎ ያውቁታል» ብሎ ጥሎት ሄደ።

ዓርብ ጠዋት ደግሞ ሎሬንስ፣ በንጹሕ ጨርቅ የተጠቀለለ ይዞ። መነጽሩን አልጠረገም። «ቀኙን ይቅረጹልኝ። ማንም አይስማ» አለ። ባርተል መምጣቱን አልነገርኩትም፤ የሱን ደግሞ ሄድዊግ ቀድማ በትልቁ የዳቦ ቅርጫት ከድናው ነበር።

ሲወጣ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀመጥኳቸው። ከሦስት ዓመት በኋላ ጥንድ ሆኑ። ሄድዊግ እጇን አጣምራ ቆማ «አሁንስ ምን ያደርጋሉ?» አለችኝ። ሦስት ቀን ሙሉ ያየሁት እሱን ነው። ሁለቱ ፊቴ ስላሉ፣ ይህ እጅ ቢንቀጠቀጥም ቀስ ብዬ መገልበጥ እችላለሁ። ሎሬንስ ሙሉ ጥንድ ይኖረዋል፤ ባርተል ሙሉ ጥንድ ይኖረዋል። ሁለቱም ለሄልሲንኪ ደህና ጫማ ይልኩልሃል፣ አንተም አንዱን መምረጥህ አይቀርም። እነሱም እስኪሞቱ ድረስ አንዳቸው ከሌላው የሚፈልጉት ነገር አይኖርም። ቢላውን ሳልኩ። ተመልሼ አስቀመጥኩት።

አልቀርጽም።

ሁለቱም ሄልሲንኪ በእኔ ጫማ ብቻ ሩጥ ብለው እንደጻፉልህና የቱን ልቀበል እንዳልከኝ ሄድዊግ አንብባልኛለች። መልሴ ነገ በፖስታ ቤት ይላካል፤ በሣጥን ነው። ሁለቱን ፎርማዎች በአዲስ ገመድ አስሬያቸዋለሁ። እግሮቹ ያንተ ናቸው፤ መጀመሪያም አዳራሹ ውስጥ መከፈል አልነበረባቸውም። ጫማ ልሥራልህ የሚል፣ ሎሬንስም ይሁን ባርተል፣ ሃምቡርግ ድረስ መጥቶ ፊትህ ቆሞ ይጠይቅህ። አታስቀይማቸው፣ አብላቸው፣ አጠጣቸው። ግን አንዱን እንጨት ለብቻው ለማንም እንዳትሰጥ። የሚወስድ ሁለቱን ይወስዳል፣ ሲጨርስም ለወንድሙ ያስረክባል፤ በእጁ፣ በሰው አይደለም። እስከዚያ ያሉህን ሁለቱን ጫማዎች አድርገህ ሩጥ።

ፎርማዬ የት ገባ ብለው መምጣታቸው አይቀርም። ዛሬ ከሰዓት ባርኔጣዬን አድርጌ ሁለቱም ደጅ እሄዳለሁ፤ ምን እንዳደረግሁ እኔው እነግራቸዋለሁ። የጠየቀኝ የለም። ቢሆንም እናገራለሁ።

አንድ ነገር ብቻ እለምንሃለሁ። በአንድ ቀን ሁለቱም ደጅህ ላይ ከተገናኙ ከቤት ሮጠህ እንዳትወጣ። ቁጭ በልና ስማ። ማን ቀድሞ እንደተናገረና ምን እንዳለ ቃል በቃል ጻፍልኝ። ስድብም ቢሆን ጻፈው። ያንን ሳላውቅ መሞት አልፈልግም።

ሄድዊግ፣ አቁሚ እዚህ ላይ። ጥግ ላይ የጨመርሽው ካለ እሱንም ጨምረሽ፣ ከላይ ጀምረሽ ቀስ ብለሽ መልሰሽ አንብቢልኝ።